ትንሿ የኮራል ቁራጭ አድጋ ምን ትመስላለች?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። ርዝመቷ ከአውራ ጣት አንጓ የማይበልጥ፣ በትንሽ የሲሚንቶ ወይም የሸክላ መቀመጫ ላይ በሙጫ የተጣበቀች፣ የኮራል አርቢዎች «ፍራግ» የሚሏት ቁራጭ ናት። ይህችን ቁራጭ ወደ አኳሪየሙ፣ ማለትም የባሕር ውኃ ወዳለበት የመስታወት ገንዳው፣ ያስገባ ሰው ሁሉ፣ አፍ አውጥቶ ቢናገረውም ባይናገረውም፣ በልቡ የያዘው ጥያቄ አለ፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ እንስሳ ምን ያህል ይሆናል፣ ምን ዓይነት ቅርጽ ይይዛል፣ ቀለሙስ ዛሬ የማየው ነው ወይስ ሌላ? ጥያቄው የጉጉት ብቻ አይደለም። ኮራል አለት ላይ ከተጣበቀና ከተስፋፋ በኋላ ሳይሰብሩ ማንቀሳቀስ ስለሚያስቸግር፣ ቦታ የሚመረጥለት ገና ትንሽ ሳለ ነው፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ። ቁራጯን ባስቀመጥንበት ቅጽበት፣ ወደድንም ጠላንም፣ ገና ላላየነው ትልቅ ኮራል ፈርደንለታል።

ብዙ ሰው ግምቱን የሚጀምረው ቁራጯን እንደ ትንሽ ቅጂ በመቁጠር ነው። ዛሬ የሚታየው ቅርጽና ቀለም እንዳለ ተነፍቶ ትልቅ የሚሆን ይመስለዋል። እኔ ኮራል በማሳደግ ባሳለፍኩት ጊዜ የተረዳሁት ግን ቁራጯ ከእናቷ የወረሰችው መልክን ሳይሆን መልክ የሚሠራበትን ሕግ መሆኑን ነው። ያው አንድ ሕግ በብርሃኑ፣ በውኃው ፍሰት፣ በምግቡና በኮሎኒው መጠን የተለያየ መልክ ያወጣል። ስለዚህ ግምታችን እንዲሰምር ሕጉን ማወቅ፣ ቀጥሎም ሕጉ በእኛ ውኃ ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ያስፈልገናል።

ከመነሻው እንስሳው ምን እንደሆነ እናስታውስ። ኮራል ተክልም ማዕድንም አይደለም። ፖሊፕ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው አፍና በአፋቸው ዙሪያ መዳሰሻ ያሏቸው ትናንሽ እንስሳት በአንድ ቀጭን ሥጋ ተያይዘው የሚኖሩበት ኮሎኒ ነው። ከሥራቸው አራጎናይት የሚባለውን የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት እያነጠፉ አጽም ይሠራሉ፤ ከጠቅላላው ግንባታ ሕያው የሆነው የላዩ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በብዙ ዝርያዎች ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቡናማ አልጌዎች ይኖራሉ፤ በብርሃን አስተጻምሮ ከሚያዘጋጁት ምግብ አብዛኛውን ለኮራሉ ያካፍላሉ። አዲስ ፖሊፕ የሚገኘው ነባሩ ፖሊፕ ለሁለት ሲከፈል ወይም ከጎኑ አዲስ ሲያቆጠቁጥ ስለሆነ፣ ከኮሎኒ ተቆርጣ የተወሰደች ቁራጭ ከእናቷ ጋር በዘረ መል አንድ ናት። ልጅ ስንላት እንኳ በልማድ ነው፤ በእውነቱ እናቲቱ ራሷ ናት፣ በሌላ ቦታ እንደገና የጀመረች።

ዘረ መሉ አንድ ከሆነ መልኩ ለምን ይለያያል? የመጀመሪያው ምክንያት የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ሲነገር ግን ብዙ አልሰማሁም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አለት ላይ ተለጥፋ የምትስፋፋ፣ ክብ፣ መሐሏ አረንጓዴ ሆኖ ጠርዟ ሐምራዊ የሆነ አንዲት የሞንቲፖራ ቁራጭ እናስብ። የጠርዙ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቁራጯ ከመሐል እስከ ዳር 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነችበት ጊዜ ሐምራዊው ጠርዝ ከጠቅላላ ስፋቷ 51 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ስለዚህ የሚያያት ሰው «ሐምራዊ ኮራል» ቢላት አይፈረድበትም። ይህችው ቁራጭ አድጋ ከመሐል እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ስትሆን፣ የጠርዙ ስፋት ያው 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ ሐምራዊው ከጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ጠርዙ አልደበዘዘም፣ አልጠፋም፤ መሐሉ ግን በዝቶበታል። አሁን የምናየው በቀጭን ሐምራዊ ክር የተከበበ ሰፊ አረንጓዴ ነው። ባለቤቱ ቀለሙ ተለወጠብኝ ብሎ ያዝናል፤ የተለወጠው ግን የጠርዙና የመሐሉ ድርሻ ነው።

ጠርዙ የተለየ ቀለም የሚኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አጽም የሚነጠፍበት ዳር ሥጋው ገና አዲስ ስለሆነ አልጌዎቹ በብዛት አልሰፈሩበትም። ኮራሉ ራሱ የሚሠራቸው ባለቀለም ፕሮቲኖች ደግሞ በሚያድግ ሥጋ ውስጥ በርከት ብለው ይገኛሉ። በቅርንጫፋም ኮራሎች ላይ ይኸው ነገር የሚታየው በጫፍ ነው፤ ፈዛዛ ወይም ነጣ ያለ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ወይም ሮዝ የሆነ ጫፍ ያላቸው አክሮፖራዎች የሚያሳዩን እድገት የሚካሄድበትን ቦታ ነው። የ3 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ከግማሽ በላይ ጫፍ ልትሆን ትችላለች፤ የ30 ሴንቲ ሜትር ኮሎኒ ግን ከሩቅ ሲታይ ግንዱና ጎኑ ያመዝናል። ስለዚህ ቁራጭን ስመረምር መጀመሪያ የማደርገው ጠርዙንና ጫፉን በእጄ ሸፍኖ የማየት ያህል፣ የቀረውን መሐል ብቻ ነጥሎ መመልከት ነው። ከዓመታት በኋላ በብዛት የሚታየኝ ያ መሐል ነውና።

ወደ ቀለም እንግባ፤ ከሁሉ የሚያሳስተን እርሱ ነው። የኮራል ቀለም ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው የአልጌዎቹ ቡናማነት ነው፤ ይህ በሁሉም ላይ ያለ መሠረት ነው። ሁለተኛው ፍሎረሰንት የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው፤ አጭር ሞገድ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው ረዘም ባለ ሞገድ፣ ማለትም በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማ ወይም በቀይ መልሰው ያበራሉ። ሦስተኛው ክሮሞፕሮቲን የሚባሉት ናቸው፤ እነዚህ ብርሃን ይውጣሉ እንጂ መልሰው አያበሩም፤ ብዙዎቹ የአክሮፖራ ሐምራዊዎችና ሰማያዊዎች የእነርሱ ሥራ ናቸው። ሦስቱም በአንድ ሥጋ ውስጥ ተደራርበው ስለሚገኙ የምናየው ቀለም ድምር ነው፤ ከድምሩ አንዱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ሌላው ሳይነካ መልኩ ይለወጣል።

ለምሳሌ በውኃው ውስጥ ለአልጌዎቹ ምግብ የሚሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዙ ወይም ብርሃኑ ሲያንስ አልጌዎቹ ይበረክታሉ፤ ቡናማው በርትቶ ሐምራዊውን ይሸፍነዋል። ብርሃኑ፣ በተለይም ሰማያዊው ክፍል፣ ሲበረታ ብዙ ኮራሎች ክሮሞፕሮቲኑን አብዝተው ይሠራሉ፤ ሳይንቲስቶች ይህን ቀለም ለሥጋውና ለአልጌዎቹ ከሚበዛ ብርሃን መከላከያ እንደሆነ ይገልጹታል። በአንጻሩ ምግብ ጨርሶ ከውኃው ሲጠፋ አልጌዎቹ ይመናመኑና ኮራሉ ይገረጣል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ለዓይን ማራኪ ቢሆንም እንስሳው ተርቧል። ከእነዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት ቡናማ ቁራጭን አለመናቅ ነው። ገና የተቆረጠች፣ ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ የተዘዋወረች፣ በማሸጊያ ውስጥ ብርሃን ሳታይ የሰነበተች ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ሆና ትደርሳለች፤ የቀለሟ ሕግ ግን አብሯት አለ። ያየኋቸው ምርጥ ሐምራዊ ኮሎኒዎች አንዳንዶቹ የጀመሩት ማንም ዞር ብሎ ባላያቸው ቡናማ እንጨት መሳይ ቁራጮች ነው።

ፎቶግራፍን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። አብዛኛው የቁራጭ ፎቶ የሚነሣው በጠቆረ ሰማያዊ መብራት ሥር ነው። በዚያ ብርሃን ሥር ፍሎረሰንት ፕሮቲን ያላት ቁራጭ እንደ ፍም ታበራለች፤ በካሜራው ላይ ብርቱካናማ ማጣሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ሰማያዊው ተወግዶ የሚያበራው ብቻ ይቀራል። ክሮሞፕሮቲን ያለባት ቁራጭ በዚያው ብርሃን ሥር ደብዝዛ ወይም ጠቁራ ትታያለች፣ ምክንያቱም ብርሃኑን ትውጣለች እንጂ መልሳ አታበራም። ስለዚህ ሁለቱን ቁራጮች በነጭ ብርሃን ሥር ያየ ሰውና በሰማያዊ ብርሃን ሥር ያየ ሰው የማይገናኝ ነገር ይናገራሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አድጎ የሚታየው ቀለም ምን እንደሚሆን መገመት የሚፈልግ ሰው ቁራጯን በራሱ አኳሪየም ላይ ባለው ዓይነት ብርሃን ሥር ይያት፤ ካልተቻለ ቢያንስ በነጭም በሰማያዊም የተነሣ ፎቶ ይጠይቅ።

ብርሃን ቀለምን ከማሳየት አልፎ ቀለምን ራሱን ሲለውጥም ታይቷል። የባሕር ጄሊፊሽ ከሆነችው ኤኮሪያ ቪክቶሪያ አረንጓዴ የሚያበራውን ፕሮቲን ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ለዓለም ካሳወቀ በኋላ፣ የፕሮቲኑ ዘመዶች በኮራሎችና በቅርብ ዘመዶቻቸው ውስጥም እንደሚገኙ የሩሲያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 አሳዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የጃፓን ተመራማሪዎች ትራኪፊሊያ ጂኦፍሮዪ ከምትባለው፣ በአኳሪየሞች ውስጥ በስፋት ከምትታወቀው ኮራል አንድ ፕሮቲን አወጡ። አረንጓዴ የነበረው ፕሮቲን አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ቀይ ተለወጠ፤ ለውጡም የማይመለስ ነበር። ስሙንም በመጸው ወራት ቅጠሉ በሚቀላው ዛፍ «ካኤዴ» አሉት። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው፣ አንዲት ቁራጭ በአንድ መብራት ሥር አረንጓዴ፣ በሌላ መብራት ሥር ቀይ ሆና ማደጓ የዓይን ስሕተት ወይም የባለቤቱ ቅዠት እንዳልሆነ፣ በሞለኪውል ደረጃ የሚታወቅ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

ቅርጽ ከቀለም ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ቁራጯ ከተጣበቀች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ብዙዎቹ አክሮፖራዎች ወደ ላይ የሚያድጉት ጥቂት ነው። ጉልበታቸውን የሚያውሉት ቁስላቸውን ለመሸፈንና በመቀመጫው ላይ እንደፈሰሰ ሰም እየተስፋፉ ሥር ለመያዝ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ኮራሉ ቆመብኝ ብሎ ቦታ ይለውጥለታል፤ ያን ጊዜ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። የተስፋፋው መሠረት ሲደላደል ግን ከላዩ በርካታ ቡቃያዎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። የወደፊቱን ኮሎኒ ቅርጽ በእውነት የሚነግሩን እነዚያ ቡቃያዎች ናቸው፤ ሰው በመቀስ የቆረጠው የመጀመሪያው እንጨት አይደለም። እርሱ የተቆረጠበት ማዕዘን የእኛ ምርጫ እንጂ የኮራሉ አልነበረም።

አክሮፖራ ከመቶ በላይ ዝርያዎች ያሉት ወገን ነው፤ ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ፊት መሪ ሆኖ የሚያድግ አንድ ፖሊፕ መኖሩ ነው። በጎኑ የሚወለዱት ፖሊፖች ተከታዮች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ወደ መሪነት ሲለወጥ አዲስ ቅርንጫፍ ይጀመራል። እንግዲህ የቅርጹ ሕግ በአብዛኛው መሪው ምን ያህል ርቆ ከሄደ በኋላ አዲስ መሪ እንደሚነሣና በምን ማዕዘን እንደሚነሣ የሚወስን ነው። መሪዎቹ እየተራራቁ ሲነሡ ረጃጅምና ክፍት ቅርንጫፎች ያሉት ኮሎኒ ይሆናል፤ ተቀራርበው ሲነሡ የአበባ እቅፍ የመሰለ ይሆናል። አክሮፖራ ሃያሲንተስን የመሳሰሉት ዝርያዎች ደግሞ በአንድ አጭር ግንድ ላይ ቆመው ቅርንጫፎቻቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ በቅርንጫፎቹ ላይ አጫጭር ቡቃያዎች ጥቅጥቅ ብለው ይቆማሉ፤ ውጤቱም እንደ ጠረጴዛ የተንጣለለ ኮሎኒ ነው። ችግሩ ከጠረጴዛው ዳር የተቆረጠች ቁራጭ ከተራ ቅርንጫፍ የማትለይ መሆኗ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚረዳኝ በጎን ያሉት ፖሊፖች የሚቀመጡባቸው ትናንሽ ጽዋዎች ቅርጽ ነው፤ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር ይኑራቸው፣ እንደ ቱቦ ይርዘሙ፣ ወይም ከግንዱ ጋር ተለጥፈው ይቅሩ፣ ይህ ባሕርይ በ3 ሴንቲ ሜትር ላይም በ30 ሴንቲ ሜትር ላይም ይታያል። በማጉያ መነጽር ማየት ግን ግድ ነው።

ልጅነቱና ጉልምስናው ፈጽሞ የማይመሳሰልም አለ። ፈንጊያ የሚባለው ኮራል በልጅነቱ በአጭር ዘንግ አለት ላይ ተተክሎ ያድጋል፤ ሲጎለምስ ግን ክቡ ራስ ከዘንጉ ተላቅቆ በአሸዋ ላይ ብቻውን ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፣ ቦታ ቅርጽን እንዴት እንደሚለውጥ፣ እንለፍ። በጃፓን ተመራማሪዎች የተጠናና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ ፖሪቴስ ሲሊማኒያኒ የሚባል ኮራል ብርሃን ሲበዛለት ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ብርሃን ሲያንሰው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ተርቢናሪያ ሜሴንቴሪናም እንዲሁ ነው፤ ጥልቀት በሌለው፣ ብርሃን በበዛበት ውኃ ውስጥ እጥፋቶቹ ተጠማዝዘው ወደ ላይ ይቆማሉ፣ በጥልቅ ውኃ ውስጥ ደግሞ እንደ ሰሃን ተዘርግቶ ብርሃን ይሰበስባል። ተመራማሪዎች ኮሎኒዎቹን ከአንዱ ጥልቀት ወደ ሌላው አዛውረው ሲከታተሏቸው አዲሱ እድገት የአዲሱን ቦታ ቅርጽ ይዟል። ለእኛ ይህ ማለት ቁራጭ በአኳሪየሙ ወለል ላይ ብትቀመጥና ከላይ ብትቀመጥ ሁለት የተለያዩ ኮራሎች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። በትንሽ ብርሃን ሥር ጠፍጣፋ መሆን ጥላን መሸሽ ነው፤ በብዙ ብርሃን መታጠፍ ደግሞ ብርሃኑን በብዙ ገጽ ላይ ማካፈል ነው፤ ሁለቱም ጤነኛ እንስሳ የሚያደርጋቸው ናቸው።

የውኃ ፍሰት ከብርሃን ያላነሰ ቅርጽ ሠሪ ነው፤ ሰው ግን ብዙም አያስበውም። ፖሲሎፖራ በተረጋጋ ውኃ ውስጥ ቀጫጭንና የተራራቁ ቅርንጫፎች ያወጣል፤ ማዕበል በሚመታው ቦታ ግን ቅርንጫፎቹ ወፍራምና የተጠጋጉ ይሆናሉ። ጃፕ ካንዶርፕ የተባለው ሆላንዳዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን በኮምፒውተር ሞዴል አሳይቷል። በሞዴሉ ውስጥ ያለው ኮሎኒ የሚያድገው ምግብ በሚደርስበት ቦታ ነው። ውኃው ሲቆም ምግብ የሚያገኙት ወጣ ያሉ ጫፎች ብቻ ስለሆኑ ኮሎኒው ሳሳ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ፍሰቱ ሲበረታ ምግቡ ወደ ውስጥም ስለሚደርስ ጥቅጥቅ ያለና ወደ ክብ የተጠጋ ይሆናል። ፍሰቱ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ ኮሎኒው ወደዚያው ወገን አዘንብሎ ያድጋል፤ ፍሰቱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ግን ቅርጹ ሚዛኑን ይጠብቃል። ከአንድ ፓምፕ ፊት ለፊት ለዓመታት የቆመ ኮራል ያለው ሰው ይህን ከሞዴሉ በፊት በዓይኑ አይቶት ይሆናል።

የስም ነገርም እዚህ ላይ ይነሣል። አውስትራሊያዊው ቻርሊ ቬሮንና ፈረንሳዊው ሚሼል ፒሾን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የምሥራቅ አውስትራሊያን ኮራሎች ሲመረምሩ፣ አንድ ዝርያ እንደሚኖርበት ቦታ የሚይዛቸውን መልኮች «ኢኮሞርፍ» ብለው ጠሯቸው። በሙዝየም መደርደሪያ ላይ የተለያየ የዝርያ ስም ተሰጥቷቸው የነበሩ አጽሞች፣ በባሕሩ ውስጥ በኮራል አለቱ (ሪፍ) ላይ ሲታዩ ከጥልቁ ወደ ጥልቀት አልባው የሚሸጋገር የአንድ ዝርያ መልክ ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ። ሊቃውንቱን እንዲህ ያስቸገረ ነገር እኛን በአንዲት ቁራጭ ላይ ቢያስቸግረን አይደንቅም። ከዚህ የተነሣ አርቢዎች ለቁራጮች የሚያወጧቸውን የሚያማምሩ የንግድ ስሞች በጥንቃቄ እንድትይዟቸው እለምናለሁ። ስሙ ከአንዲት የታወቀች እናት ኮሎኒ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ ከመጣ ትልቅ ዋጋ አለው፣ የአንድን ዘረ መል ታሪክ ይነግረናልና። መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ የተለጠፈ ስም ግን ስለ ወደፊቱ የሚነግረን ነገር የለም።

ስለ መጠን ስንገምት በብዛት የምንሳሳተው ስፋት በሁለት ወገን እንደሚያድግ በመርሳት ነው። አንድ ቅርንጫፋም ኮራል በወር 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ብንል ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በሁለት ዓመት ግን በየአቅጣጫው 12 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት የነበራት ቁራጭ 27 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ከላይ ሲታይ የሸፈነችው ቦታ ከ7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 570 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ሰማንያ አንድ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ይህ የተጋነነ ፍጥነት አይደለም፤ በካሪቢያን ባሕር የሚገኘው አክሮፖራ ሰርቪኮርኒስ ቅርንጫፉ በዓመት ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ድቡልቡል የሆኑት ፖሪቴሶች ግን በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድጉ፣ የእነርሱን ትልቅነት ለማየት የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን አስልቶ ይጠብቅ።

መጠን ሲጨምር ኮራሉ ከውኃው የሚወስደውም ይጨምራል፤ ይህም ተመልሶ ቅርጹን ይነካል። ከ100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት 40 ግራሙ ካልሲየም ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 410 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ስለሚይዝ፣ 1 ኪሎ ግራም አጽም የሠራ ኮሎኒ ከ970 ሊትር በላይ በሆነ የባሕር ውኃ ውስጥ ያለውን ካልሲየም በሙሉ ወስዷል ማለት ነው። ቁራጭ ሳለች በወር አንድ ጊዜ የሚደረግ የውኃ ቅያሪ ይበቃት የነበረች ኮራል፣ ከፍ ስትል በየቀኑ ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ለአጽሙ የሚያስፈልገው በውኃው ውስጥ ያለ የካርቦኔት ክምችት) ካልተጨመረላት እድገቷ ይገታል። በሦስተኛው ዓመት የሚኖረውን ቅርጽ የሚገምት ሰው፣ በሦስተኛው ዓመት ይህን የማሟላት አቅሙንም አብሮ መገመት አለበት።

ከዚህም በላይ ትልቅ ኮሎኒ የራሱን አካባቢ ይሠራል። የላይኞቹ ቅርንጫፎች ለታችኞቹ ጥላ ይሆናሉ፤ ፍሰቱም በቅርንጫፎቹ መካከል ይዳከማል። መብራቱና ፓምፑ ባይነኩም የኮሎኒው ሆድ ቀስ በቀስ ወደ ጨለማና ወደ ቆመ ውኃ ይለወጣል፤ ሥጋው ከሥር ጀምሮ እየሸሸ ነጭ አጽም ይተዋል። ቁራጯ በክፍት ቦታ ቆማ ከሁሉም ወገን ብርሃንና ፍሰት ስታገኝ ያሳየችው መልክ፣ የአደገው ኮሎኒ ውጫዊ ቅርፊት መልክ ብቻ ነው።

ጎረቤትንም መርሳት አይገባም። አንድ ጊዜ የጋላክሲያ ቁራጭ ከአንዲት ድቡልቡል ኮራል 8 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አስቀመጥሁ፤ ቁራጯ ያን ጊዜ ከሳንቲም አትበልጥም ነበርና ርቀቱ የተትረፈረፈ መስሎኝ ነበር። ጋላክሲያ ስትጎለምስ በሌሊት የምትዘረጋቸው ተናዳፊ መዳሰሻዎች 20 ሴንቲ ሜትር ሊደርሱ እንደሚችሉ ያወቅሁት ጎረቤቷ በአንድ ወገን ብቻ ስትነጣ ካየሁ በኋላ ነው። ያቺ ድቡልቡል ኮራል ተረፈች፤ እድገቷ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ሆኖ የጨረቃ ቅርጽ ይዛለች። ማንም ቁራጯን ብቻ መርምሮ ያን ቅርጽ ሊተነብይ አይችልም ነበር። ስለዚህ የኮራልን ስፋት ስገምት በአጽሙ ስፋት ላይ መዳሰሻው የሚደርስበትን ርቀት እጨምራለሁ፤ ለዩፊሊያና ለመሳሰሉት ይህ ተጨማሪ ስፋት ከአጽሙ ስፋት ሊበልጥ ይችላል።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የትኛው ነው? ያለ ማመንታት የእናት ኮሎኒዋ መልክ ነው እላለሁ፤ እርሱም የኖረችበት ብርሃንና ፍሰት አብሮ ሲታወቅ። የእናቲቱ ፎቶ ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው፤ በጠንካራ ብርሃንና በሚመላለስ ፍሰት ውስጥ የዚህ ዓይነት ጥቅጥቅ ያለ ቅርጽ ይዛለች ሲባል ግን ሕጉንና ቦታውን አብረን አገኘን። ቀጥሎ የሚረዳው የራሳችን መዝገብ ነው። በየወሩ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማዕዘን፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አቁሞ ፎቶ ማንሣት በቂ ነው። ስድስት ፎቶዎች ሲጠራቀሙ አዳዲስ መሪ ፖሊፖች በምን ያህል ርቀትና በምን ማዕዘን እንደሚነሡ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ግምት በመጀመሪያው ቀን ከሚሰጠው እጅግ ይሻላል። እኔ ግምቴን ስጽፍ አንድ ቅርጽ አልጽፍም። «ከላይ ብትቀመጥ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፉ ሐምራዊ፤ ከታች ብትቀመጥ የተዘረጋና ቡናማ አረንጓዴ» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ የምፈልገውን መልክ የሚሰጠውን ቦታ እመርጣለሁ።

ኮሎኒው ከተመደበለት ቦታ ሲያልፍ መግረዝ ግድ ይሆናል። ስገርዝ ከሆዱ የጨለመውን አሳስቼ ብርሃንና ፍሰት አስገባለሁ፤ ከጫፍ የማነሣቸውንም ቁራጮች በየመቀመጫቸው አጣብቄ ለሌሎች አርቢዎች አካፍላለሁ። ቁራጮቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማ ይሆናሉ፣ ቀጥሎ መቀመጫቸውን ይሸፍናሉ፣ ከዚያም አዳዲስ መሪዎቻቸውን ያወጣሉ። ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ወረቀት እሰጣለሁ፤ በወረቀቱ ላይ የእናቲቱ ፎቶ በነጭና በሰማያዊ ብርሃን፣ ከመብራቱ የነበራት ርቀት፣ ፍሰቱ የሚመጣበት አቅጣጫ፣ የውኃው ካልሲየምና አልካሊኒቲ፣ እንዲሁም ከቁራጭነት እስከዚያ መጠን ለመድረስ የወሰደባት ወራት ብዛት ተጽፏል።